የገጠር ኦፕቲክ ፋይበር ዝርጋታና የአካባቢ ተፅዕኖው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንተርኔት ወደ ወረዳና ቀበሌ በተጠጋ ቁጥር ቁፋሮውም አብሮ ይጠጋል። ከዚህ በታች የተሰበሰቡት መስመሩ በሚያልፍባቸው ቀበሌዎች ነዋሪዎች፣ የወረዳ ባለሙያዎችና ሥራ ተቋራጮች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የኢትዮጵያን ሕግና መልክዓ ምድር መነሻ ያደረጉ ናቸው።

የጣት ውፍረት ያለው ኬብል ለመቅበር የአካባቢ ጥናት ምን ያስፈልጋል?

ኬብሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥናት ባላስፈለገ። ውስጡ ያለው የመስታወት ክር ከፀጉር ብዙም አይወፍርም፤ አይመርዝም፣ አይሞቅም፣ አይጮህም። ነገሩ ያለው ኬብሉን ለመቅበር በሚደረገው ሥራ ላይ ነው። አንድ ሜትር ጥልቀትና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ በአንድ ኪሎ ሜትር ብቻ 400 ሜትር ኩብ አፈር ያስወጣል። ሥራው መቶ ኪሎ ሜትር ከሆነ 40,000 ሜትር ኩብ አፈር ተነሥቶ ተመልሶ ይገባል ማለት ነው። መመለስ አለመመለሱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፋብሪካ ሲተከል ጉዳቱ በአንድ ግቢና በዙሪያው የተወሰነ ነው። የፋይበር መስመር ግን በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ የጤፍ ማሳ፣ የወል ግጦሽ፣ እርከን፣ ወንዝ፣ መቃብርና ደን ያቋርጣል። በእያንዳንዱ ቦታ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ስለሚመስል ማንም አይቆጥረውም። ግምገማው የሚያስፈልገው ይህን ትንሽ በትንሽ የሚጠራቀም ጉዳት በአንድ መዝገብ ላይ ለማየት ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ፈቃድ የሚሰጠውስ ማን ነው?

መሠረቱ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል። የኢንቨስትመንት ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው አካልም ይሁንታው መኖሩን አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። መስመሩ ከአንድ ክልል ወደ ሌላ የሚሻገር ከሆነ ወይም ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የቀረው የክልሎች ነው።

ሁሉም የፋይበር ሥራ ሙሉ ጥናት ይፈልጋል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ልየታ ይደረጋል። ነባር መንገድ ዳር፣ ቀድሞ በተቆፈረ መሬት ላይ የሚያልፍ አጭር መስመር ቀለል ባለ ሰነድ ሊያልቅ ይችላል። ብሔራዊ ፓርክ ወይም ረግረግ መሬት የሚነካው ግን ሙሉ ጥናት ያስፈልገዋል። ፕሮጀክቱን እንደ ሽንኩርት ከትፎ እያንዳንዱን ቁራጭ «ትንሽ ነው» እያሉ ማሳለፍ ይቻላል፤ ጠንቃቃ መርማሪ በመጀመሪያ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ያለ ይሁንታ የጀመረ ወይም ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ በአዋጁ መሠረት ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። በ1995 ዓ.ም. ብሩ ብር ነበር። ዛሬ ይህ ቅጣት ለአንድ ትልቅ ተቋራጭ የጥቂት ቀን የነዳጅ ወጪ እንኳ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጣቱን ከመጠበቅ ክፍያን ከሥራው ጥራት ጋር የሚያስር የውል አንቀጽ ማስገባት ይሻላል።

መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ገና ሳይወሰን ግምገማ እንዴት ይሠራል?

ይህ የገጠር ኔትወርክ ዋና ባሕርይ ነው። ገንዘቡ ሲፈቀድ የሚታወቀው «ይህን ያህል ወረዳዎች ይገናኛሉ» የሚለው ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የሚዘጋጀው ማዕቀፍ ነው፤ ምን ዓይነት ቦታ ሲያጋጥም ምን ዓይነት ጥናት እንደሚደረግ፣ የትኛው ቦታ ጭራሽ እንደማይነካ፣ ማን እንደሚፈርም አስቀድሞ የሚወስን ሰነድ። መስመሩ ሲለይ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ የአካባቢ አያያዝ ዕቅድ ይወጣለታል። የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለበት ሥራ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለውን የባንኩን የአካባቢና የማኅበራዊ ማዕቀፍ ይከተላል፤ 10 መለኪያዎች አሉት፣ አንዱ ለባህላዊ ቅርስ ብቻ የተመደበ ነው።

የማዕቀፍ አደጋው ማዕቀፍ ሆኖ መቅረቱ ነው። ወፍራሙ ሰነድ ዋና ከተማ ይጸድቃል፤ ቆፋሪው ወረዳ ላይ ሲደርስ በእጁ ያለው የመስመር ካርታ ብቻ ነው። የክፍሉ ዕቅድ ሳይጸድቅ ቁፋሮ እንዳይጀመር ውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ማዕቀፉ መደርደሪያ ከማድመቅ አያልፍም።

ከሁሉም የሚከፋው ጉዳት ምንድን ነው?

የአፈር ጉዳት ነው፤ ያውም በአግባቡ ያልተመለሰ አፈር። አቧራና ጫጫታ ቡድኑ ሲያልፍ አብረው ያልፋሉ። አፈሩ ግን ለዓመታት ይቀራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ይጣበቃል። እዚህ አፈር ላይ ጥር ውስጥ የተቆፈረ ቦይ ምን እንደሚሆን ልብ ብሎ ማየት ነው። ኤክስካቫተሩ የላዩን ለም አፈርና የታቹን ጓል አንድ ላይ ያወጣና ከዳር ይከምረዋል። ኬብሉ የሚያልፍበት ቧንቧ ይገባል፣ ጓሉ እንዳለ ይገለበጥበታል፣ ጎማ አንድ ጊዜ ይሄድበታል። በጓሎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከላይ አይታይም። ሐምሌ ላይ ውኃው ሲገባ ጓሉ ይሟሟል፣ ቦዩ ከማሳው በታች ስንዝር ያህል ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ በተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ የተዘጋጀ መውረጃ አገኘ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ቦዩ ቦረቦር ይሆናል፤ ኬብሉም ተገልጦ ይንጠለጠላል። አርሶ አደሩ መሬቱን፣ ኩባንያው መስመሩን ያጣል።

መከላከያው ውድ አይደለም። ለም አፈሩ ለብቻ ተነሥቶ ለብቻ ይከመራል፤ መጨረሻ ላይም እሱው ከላይ ይመለሳል። አፈሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በንብብር እየተመለሰ፣ እያንዳንዱ ንብብር እየተጠቀጠቀ ይሄዳል። በተዳፋት ላይ ቦዩ ውስጥ በየተወሰነ ርቀት የሸክላ ወይም የአሸዋ ጆንያ ግድብ ይደረጋል፤ ውኃው ቧንቧውን ተከትሎ እንዳይወርድ ነው። የተቆረጠ እርከንም ድንጋዩ በነበረበት ቅደም ተከተል ይመለሳል። ኮንሶ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር ከ21 ትውልድ በላይ ሲጠበቅ የኖረ የድንጋይ እርከን ነው፣ ካቡን ማን እንደሚያውቅበትም የታወቀ ነው። ሥራውን ለአካባቢው ባለሙያ መክፈል ነው።

ለተቆጣጣሪ አንድ ቀላል መመዘኛ ልስጥ። 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቧንቧ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚይዘው ቦታ ከአንድ ሜትር ኩብ ተኩል አይበልጥም። ከ400 ሜትር ኩብ ውስጥ የሚተርፈው አፈር ያን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። የተረፈ አፈር በመኪና እየተጫነ ሲሄድ ካዩ፣ ወይም ክምሩ ሳምንታት አልፈውት መንገድ ዳር ካለ፣ ቦዩ አልተጠቀጠቀም።

ለቁፋሮ የሚመቸው ወቅት የትኛው ነው?

ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት። በአብዛኛው መኸር አብቃይ ደጋ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ማለት ነው። በወሎና በሰሜን ሸዋ ባሉ በልግ አብቃይ አካባቢዎች ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ማሳው ተዘርቷል። የወረዳውን ግብርና ባለሙያ መጠየቅ የአንድ ስልክ ሥራ ነው።

እንቅፋቱ ከአየሩ ይልቅ ከበጀቱ ይመጣል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጨረታው ሲጓተት ይከርምና ገንዘቡ «እንዳይመለስ» ተብሎ ቁፋሮው ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጣደፋል፤ ልክ ዝናቡ ሲገባ። በግምገማ ሰነዶች ውስጥ ስለ ብርቅዬ አእዋፍ ረጅም ምዕራፍ ይገኛል፤ ስለ ግዥ የጊዜ ሰሌዳ ግን አንድ አንቀጽ ማግኘት ብርቅ ነው። መሬቱን ከሁለቱ ይበልጥ የሚነካው የኋለኛው ይመስለኛል።

ከመቅበር ይልቅ በምሰሶ ላይ መስቀል አይሻልም?

አፈሩን ይቆጥባል፤ ሌላ ጥያቄ ግን ያመጣል። የእንጨት ምሰሶ ከየት ነው የሚመጣው? ባሕር ዛፍ ከሆነ በምን ኬሚካል ነው የታከመው? ክሬኦሶትም ሆነ መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ ያለበት መከላከያ የተቀባ ምሰሶ ከጉድጓድ ውኃ አጠገብ ሊተከል አይገባም፤ አገልግሎቱን የጨረሰው ምሰሶም ለማገዶ መዋል የለበትም፣ ጭሱ መርዝ ነው። በምሰሶ ላይ ያለ ፋይበር የኤሌክትሪክ ኃይል ስለማያስተላልፍ ወፍ አይገድልም፤ እንደ ሽመላና ጥንብ አንሳ ያሉ ትልልቅ አእዋፍ ግን በረግረግና በገደል አካባቢ ሊጋጩበት ይችላሉ።

ለአካባቢው ከሁሉም የሚሻለው ቀድሞ ባለ መሠረተ ልማት መጠቀም ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከፍተኛ መስመሮች አናት ላይ ያለው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ በውስጡ ፋይበር ይይዛል፤ ለቴሌኮም ኩባንያዎችም ይከራያል። ይህ ሽቦ ባለበት መስመር አዲስ ቦይ መቆፈር ካስፈለገ ምክንያቱ በጽሑፍ ሊብራራ ይገባል።

ወንዝና ረግረግ እንዴት ይሻገራል?

ድልድይ ካለ ከድልድዩ ጋር ተያይዞ መሻገር ይቀላል፣ የመንገዱ ባለቤት ፈቃድ ካለ። ድልድይ ከሌለ ሁለት ምርጫ አለ፤ የወንዙን አልጋ መቁረጥ ወይም ከሥሩ አግድም መሰርሰር። መሰርሰሩ ንጹሕ ነው ቢባልም ማሽኑ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ ጭቃ በግፊት ይጠቀማል። ጭቃው መርዝ አይደለም፤ ነገር ግን አፈሩ ስንጥቅ ካለው በወንዙ አልጋ በኩል ገንፍሎ ይወጣና የዓሣውን መተንፈሻ ይደፍናል፣ የአልጋውን ነፍሳት ይቀብራል። በሥርሰራው ጊዜ ወንዙን የሚያይ ሰው መቆም አለበት፤ ውኃው ከደፈረሰ ማሽኑ ይቆማል።

የፎገራን ሜዳ የመሰለ በርብና በጉማራ ወንዞች ጎርፍ የሚዋጥ መሬት ላይ ደግሞ ማንሆሉም ያሳስባል። ክዳኑ ከጎርፉ ከፍታ በላይ ካልሆነ ደለል ይሞላዋል። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ስለሆነ በዚያ በኩል የሚያልፍ መስመር በቀላል ልየታ ሊታለፍ አይገባውም።

የቤተ ክርስቲያን ደን፣ ጠበልና መቃብር ቢያጋጥምስ?

መዞር ነው። በደቡብ ጎንደርና በሌሎች ደጋዎች ከጥንቱ የአገር በቀል ደን የተረፈው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለው ነው። ጥዱና ወይራው ሥሩ ከተቆረጠ በዓመት በሁለት ዓመት ይደርቃል፤ ቆፋሪው ያን ጊዜ የለም። ስለዚህ ርቀቱ መለካት ያለበት ከግንዱ ሳይሆን ከቅርንጫፉ ጥላ ጫፍ ነው።

ጠበልና ምንጭ ከላይ ከሚያልፍ ቦይ ይጎዳሉ። ውኃው የሚመጣው ከተዳፋቱ ውስጥ ነው፤ ቦዩ መንገዱን ከቆረጠው ሌላ ቦታ ይወጣል። የሰፈሩ ሰው ምንጩ ከየት እንደሚመነጭ ያውቃል፣ ካርታው ግን አያውቅም። የመስመር መራጩ ቡድን ከአዛውንትና ከውኃ ቀጂ ሴቶች ጋር መንገዱን በእግሩ ሳይሄድ ካስማ መትከል የለበትም።

ቅርስ በቁፋሮ ላይ ከተገኘ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ሥራው ቆሞ ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ይነገራል፤ መርማሪ እስኪደርስ ድረስም የተገኘው ነገር ባለበት ይጠበቃል። የጥያ ዓይነት ትክል ድንጋዮች ባሉበት አካባቢ ቆፋሪዎቹ ምን ቢያዩ ማቆም እንዳለባቸው በፎቶግራፍ ቢማሩ ጥሩ ነው። የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር በቀን በቆፈረው ሜትር ልክ የሚከፈለው ከሆነ ግን ያየውን አላየሁም ይላል፤ የቆመበት ቀን እንደሚከፈለው ውሉ ላይ ይጻፍ።

ፋይበር ጨረር ያወጣል? ለልጆች ወይም ለከብት ያሰጋል?

አያወጣም። በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው፣ ከመስታወቱም አይወጣም። የተቆረጠ ጫፍን ግን በዓይን ወይም በማጉያ መነጽር መመልከት አይገባም፤ ብርሃኑ ስለማይታይ ያለ አይመስልም። ለልጅና ለከብት የሚያሰጋው ክፍት ያደረው ቦይ ነው። በቀን የሚቆፈረው በቀኑ ሊዘጋ የሚችለውን ያህል ብቻ ይሁን።

በነገራችን ላይ ውስጡ መዳብ የለም። ሸጣለሁ ብሎ የሚቆርጠው ሰው የሚያገኘው መስታወትና ፕላስቲክ ነው።

መስመሩ በማሳዬ ቢያልፍ ካሣ አገኛለሁ?

የጠፋ ሰብል፣ የተቆረጠ ዛፍና የፈረሰ አጥር ካሣ ይገባዋል፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከነማሻሻያው መሠረቱ ነው። ቆጠራው ከቁፋሮው በፊት መሆን አለበት። ከተቆፈረ በኋላ «እዚህ ቡና ነበር» ማለት ክርክር ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር ከቁፋሮ በኋላ የሚመጣው ገደብ ነው። ቧንቧው ባለበት መስመር ላይ ቤት መሥራት፣ ጥልቅ ቦይ ማውጣት ወይም ሥረ ረጅም ዛፍ መትከል ሊከለከል ይችላል። ይህ በጽሑፍ ይሰጥዎ። የይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ።

እያንዳንዱ ኩባንያ ለየብቻ እየመጣ አንድ መንገድ ስንት ጊዜ ይቆፈራል?

የቴሌኮም ገበያው ከተከፈተ ወዲህ ይህ ጥያቄ ይደጋገማል፣ በትክክልም ነው። መንገድ ሲሠራ ባዶ ቧንቧዎችን አብሮ መቅበር፣ ኋላ ላይም ለሚፈልገው ኩባንያ ማከራየት ሁለተኛና ሦስተኛ ቁፋሮን ያስቀራል። በግምገማ ሰነድ ውስጥ «አማራጮች» የሚለው ምዕራፍ መመለስ ያለበት ይህን ነው፤ ሌላ ሰው የቀበረው ቧንቧ አለ ወይ? መንገዱ በቅርቡ ይሰፋል ወይ? ይሰፋል ከተባለ ዛሬ መቆፈር መሬትም ገንዘብም ማባከን ነው።

ጥቅሙስ አይቆጠርም?

ይቆጠራል። አንድ ጊዜ በሥርዓት የተቀበረ ፋይበር አሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ አቅሙን ለማሳደግ ጫፍና ጫፍ ያለው መሣሪያ ይቀየራል እንጂ መሬቱ እንደገና አይቆፈርም። በመካከሉ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ረጅም መስመር ላይ በየ80 ወይም 100 ኪሎ ሜትር የሚቀመጠው ማጉያ ጣቢያ ነው። እዚያ ጄነሬተርና የእርሳስ ባትሪ አለ፤ ናፍጣው የት እንደሚቀመጥ፣ ያረጀው ባትሪ ለማን እንደሚሰጥ መጠየቅ ነው። ግን ጥቅም ጉዳትን አያካክስም፤ ኢንተርኔቱን የሚያገኘው የወረዳ ከተማ ነዋሪና ማሳው የተቆረጠበት አርሶ አደር አንድ ሰው አይደሉም።

አሜሪካ ውስጥ ለገጠር ፋይበር እንዲህ ዓይነት ግምገማ አለ?

አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 የተፈረመው የብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ ያለበትን ሥራ ይመለከታል፤ በ2021 በወጣው ሕግ ለብሮድባንድ የተመደበው 42.45 ቢሊዮን ዶላርም በዚሁ ያልፋል። በነባር መንገድ ዳር፣ ቀድሞ በተነካ መሬት የሚቀበር ኬብል በአብዛኛው ከዝርዝር ጥናት ነፃ ይሆናል፤ የቅርስ ምርመራውና ከቀደምት ሕዝቦች ጋር የሚደረገው ምክክር ግን ለብቻው ይሄዳል። ከዚያ የምንወስደው ይህ የመለየት ዘዴ ነው፤ ቀላሉን ቶሎ አሳልፎ ጊዜን ለከባዱ ማዋል።

የሕዝብ ምክክር ተደርጓል የሚባለው መቼ ነው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 እና 92 ሕዝብ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚታየው የቀበሌ አዳራሽ፣ የአበል ዝርዝርና የፊርማ ወረቀት ነው። እኔ ሪፖርት ሳነብ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ቀድሜ አወጣለሁ። የተሰብሳቢው ጥያቄ ሁሉ «ኢንተርኔቱ መቼ ይመጣልናል» ከሆነ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ አልተነገራቸውም። በቃለ ጉባኤው ምክንያት አንድ ካስማ እንኳ ቦታ ካልቀየረ ምክክሩ ለወጉ ነው።

ጉዳት ከደረሰ ቅሬታ ለማን ይቀርባል?

መጀመሪያ ለፕሮጀክቱ የቅሬታ ተቀባይ፤ ስሙና ስልኩ ቀበሌ ላይ መለጠፍ አለበት። ከዚያ በአዋጅ 299/1995 መሠረት በተሰጠው ፈቃድ ወይም በክትትሉ ያልተስማማ ማንም ሰው ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ያመለክታል፤ ውሳኔው በ30 ቀን ውስጥ ይሰጣል። አካባቢን የሚበክል ነገር ከተፈጸመ፣ ለምሳሌ ዘይት ወንዝ ውስጥ ከተደፋ፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በቀጥታ ያልተጎዳ ሰው እንኳ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ፎቶግራፍ ያንሱ፤ ከቁፋሮው በፊት፣ ቦዩ ክፍት ሳለና ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ። የተቋራጩ የጥራት ዋስትና ገንዘብ ከመለቀቁ በፊት የመጨረሻው ፎቶግራፍ የወረዳው ጽሕፈት ቤት እጅ ቢገባ ጥሩ ነው።